አዋጁን ለስልክ በሚሆን መልኩ ልቀቁልን

ቆቦ ላይ መሬቱ ለልማት የሚወሰድበት ገበሬ በአዋጅ 1161/2011 መሠረት አቤቱታ ለማቅረብ ያለው ጊዜ 30 ቀን ነው። ሕጉን የት ያነባል? ልጁ ስልክ ላይ።

ፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣ አማርኛና እንግሊዝኛን ጎን ለጎን በሁለት ዓምድ ያትማል። ለወረቀት ደህና ነው። ፒዲኤፉ ስልክ ላይ ሲከፈት ግን ፊደሉ ጤፍ ያክላል፤ ሲያጎሉት መስመሩ ከስክሪኑ ይወጣል። ቀድተው ቴሌግራም ላይ ሲለጥፉትማ ዓረፍተ ነገሩ መሃሉ ላይ እየተቆረጠ፣ አንዳንዴም ከእንግሊዝኛው ጋር ተደባልቆ ይመጣል። «ካልሆነ በስተቀር» የምትለዋ ሐረግ ያመለጠችው ሰው መብቱን ገልብጦ ይረዳል። (የበላይነት ያለው ደግሞ አማርኛው ነው!)

ከፒዲኤፉ ጎን መስመሩ በግድ ያልተቆረጠ ተራ ጽሑፍ ይለጠፍ። ማጠፉን ስልኩ ራሱ ያውቅበታል። የአማራ ክልል ዝክረ ሕግም እንዲሁ ይደረግ።