ፎቶግራፍ አንሺው ከቤተ ሰቡ እንዳይጎድል

የሰው ልጅ ዕድሜው አጭር መሆኑን ስለሚያውቅ፥ መልኩን ለልጅ ልጁ አቆይቶ ማለፍን ከጥንት ጀምሮ ሲመኝ ኖሯል። ይህንንም ምኞት ፎቶግራፍ ፈጸመለት። ነገር ግን በየቤቱ ተጠብቀው የሚኖሩትን የፎቶግራፍ መዝገቦች ገልጦ በማስተዋል የተመለከተ ሰው አንድ ጕድለት ሳያገኝ አይቀርም። አያት በመካከል ተቀምጣለች፤ እናት በስተ ቀኝ አለች፤ ልጆቹም እንደ ዕድሜያቸው ተሰልፈዋል። ካሜራውን ገዝቶ፥ ፊልሙን አግብቶ፥ ሁሉንም በየቦታቸው አቁሞ ያነሣቸው አባት ግን የለም። ምናልባት ፀሐይ ከኋላው ሆና እንደ ሆነ፥ በልጆቹ እግር ሥር የተዘረጋው ጥላው ብቻ ይታይ ይሆናል።

ይህ ጕድለት ሰውየው በሕይወት ሳለ ቀላል ነገር ይመስላል። ሞት በመጣ ጊዜ ግን ክብደቱ ይታወቃል። ለለቅሶው ቤት የሚቆም ሥዕል ሲፈለግ፥ በመቶ የሚቈጠር ፎቶግራፍ ካነሣው ሰው ቤት የሚገኘው በመታወቂያ ወረቀቱ ላይ የተለጠፈችው ትንሽ ምስል ብቻ ትሆናለች። ልጆቹም አባታቸው ከእነርሱ ጋር በአንድ መስክ ላይ እንደ ነበረ የሚያዩበት ምንም አያገኙም። ስለዚህ በዛሬው ጽሑፋችን ይህን ጕድለት ለመሙላት ስለ ተሠራችው ትንሽ መሣሪያ፥ ፈረንጆች ሰልፍ ታይመር ስለሚሏት፥ እኛም ማዘግያ ብለን ስለምንጠራት፥ ታሪኳንና አያያዟን ለክቡራን አንባቢዎቻችን ልንገልጽ አስበናል። ዓመቶቹን የምንቈጥረው በፈረንጆች አቈጣጠር ነው።

በመጀመሪያ አንድ የሚያስደንቅ ነገር እንናገር። ፎቶግራፍ ገና በተወለደ ጊዜ ማዘግያ አላስፈለገም ነበር። በ1839 ዓ.ም. በአሜሪካ በፊላዴልፊያ ከተማ ሮበርት ኮርኔሊየስ የተባለ የመብራት ሠሪ ልጅ፥ ከቤተ ሰቡ ሱቅ በስተ ጀርባ ባለው ግቢ ካሜራውን አቁሞ የራሱን መልክ አነሣ። ይህም ሰው ራሱን ካነሣባቸው ፎቶግራፎች ሁሉ ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ሆኖ እስከ ዛሬ በአሜሪካ የምክር ቤት ቤተ መጻሕፍት ይጠበቃል። በሥዕሉ ላይ ጠጕሩ ያልተበጠረ፥ እጆቹን በደረቱ ላይ ያጣጠፈ፥ ከመካከል ጥቂት ፈቀቅ ብሎ የቆመ ወጣት ይታያል። ያን ጊዜ ብርሃኑ መልክን በብሩ ሰሌዳ ላይ እስኪስል ድረስ ደቂቃዎች ይፈጅ ስለ ነበረ፥ ሰው የሌንሱን ክዳን ከፍቶ፥ ወደ ፊት ተራምዶ በካሜራው ፊት ለመቆም በቂ ጊዜ ነበረው። የጥበቡ መዘግየት ለአንሺው እንደ ማዘግያ ሆኖለት ነበር።

ጥበቡ በፈጠነ ጊዜ ግን አንሺው ወደ ውጭ ቀረ። በ1871 ዓ.ም. ሪቻርድ ማዶክስ የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም ደረቁን የጄላቲን ሰሌዳ ለዓለም አስታወቀ። ሌሎችም ካሻሻሉት በኋላ መልክን ለመያዝ የሰኮንድ ክፋይ የሚበቃ ሆነ። ስለዚህም ክዳንን በእጅ ማንሣት ቀርቶ በቅጽበት የሚከፈትና የሚዘጋ የብርሃን መዝጊያ በካሜራው ላይ ተሠራ። ዐይን ጨፍኖ እስኪከፈት ድረስ ሥራው የሚያልቅ ሲሆን፥ ሮጦ ከሰልፉ መግባት ከቶ የማይቻል ሆነ። ደግሞ በ1888 ዓ.ም. ጆርጅ ኢስትማን 100 ሥዕል የሚያነሣ ፊልም የተሞላበትን የኮዳክ ካሜራ አወጣ። በ1900 ዓ.ም. ብራውኒ የተባለችው የሳጥን ካሜራ በአንድ ዶላር ተሸጠች። ከዚያ ወዲህ ፎቶግራፍ የሚያነሣው ተከፍሎት የሚመጣው ባለሙያ ብቻ መሆኑ ቀረና የቤቱ አባት፥ ወይም የቤቱ እመቤት፥ ወይም ትልቁ ልጅ አንሺ ሆነ። ባለሙያው ከሥዕሉ ቢጎድል ማንም አያዝንም ነበር፤ የቤቱ ሰው ሲጎድል ግን ቤቱ ጎደለ።

ለዚህ ችግር ሰዎች በመጀመሪያ ያገኙት መፍትሔ ገመድና ጎማ ነበር። ከካሜራው የብርሃን መዝጊያ ረጅም የጎማ ቱቦ ተያይዞ በጫፉ የጎማ ፊኛ ይደረጋል፤ አንሺውም ከሰዎቹ ጋር ተቀምጦ ፊኛውን በመዳፉ ሲጨምቀው ነፋሱ ሄዶ መዝጊያውን ይከፍታል። ሌላውም ቀጭን ገመድ አስሮ መሳብ ነው።

ስለ ገመዱ ከተናገርን፥ በዓለም ታሪክ የታወቀውን አንድ ፎቶግራፍ ሳናስታውስ ማለፍ አይገባንም። በጥር 1912 ዓ.ም. የእንግሊዝ ባሕር ኀይል መኰንን ሮበርት ስኮት ከአራት ጓደኞቹ ጋር የምድር ደቡባዊ ጫፍ ከሆነው የበረዶ አገር ደረሰ። አራቱም ኤድዋርድ ዊልሰን፥ ሄንሪ ባወርስ፥ ሎውረንስ ኦትስና ኤድጋር ኤቫንስ ነበሩ። በደረሱ ጊዜ ግን የኖርዌው ተወላጅ አሙንድሰን በታኅሣሥ 1911 ዓ.ም. ቀድሟቸው እንደ ነበረ አወቁ። ኀዘናቸው ብርቱ ቢሆንም ካሜራቸውን አቆሙ። ሦስቱ ቆሙ፥ ሁለቱ ከፊት ተቀመጡ። ከተቀመጡትም አንዱ ባወርስ የመዝጊያውን ገመድ ሳበ። ገመዱም ከእጁ ጀምሮ በሥዕሉ ላይ ይታያል። ከዚያ በኋላ አምስቱም በመመለሻው ጕዞ በብርድና በረኃብ አለቁ። በኅዳር 1912 ዓ.ም. የሚፈልጓቸው ሰዎች ድንኳኑን ባገኙ ጊዜ፥ የሦስቱ አስከሬን ከነፊልሙ ተገኘ፤ ፊልሙም ታጥቦ አምስቱ ሰዎች በአንድነት ታዩ። አንድ ክንድ ገመድ ባይኖር ኖሮ ከአምስቱ አንዱ ከዚያ ሥዕል በጎደለ ነበር። የእናቱም ቤት የልጇን የመጨረሻ መልክ ባላየ ነበር።

ሆኖም ገመድና ቱቦ በሥዕሉ ላይ እየታዩ መልኩን ያበላሻሉ፤ የሳቢውም እጅ አሳቡን ይወስድበታል። ስለዚህ ሠሪዎቹ ወደ ሰዓት ሠሪው ጥበብ ተመለሱ። አስቀድሞ የወጡት ማዘግያዎች ከካሜራው ተለይተው የሚሸጡ ነበሩ። በካሜራው ላይ ለሽቦ መጫኛ በተሠራችው ቀዳዳ ወይም በሽቦው ጫፍ ላይ ይታሰራሉ፤ ጊዜው ሲደርስ በሰው ጣት ፈንታ መጫኛውን ይጫናሉ። አውቶክኒፕስ የተባለው የጀርመን ሥራ ከነዚህ አንዱ ነው። በኋላም ማዘግያው በካሜራው ውስጥ ገባ። ዛይስ ኢኮን በ1936 ዓ.ም. ያወጣው ሁለተኛው ኮንታክስ ይህ መሣሪያ ከውስጡ ነበረው። ስመ ጥሩው ላይካ ግን በ1925 ዓ.ም. ከወጣ ጀምሮ ወደ ሠላሳ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ያለዚህ መሣሪያ ኖረ። በውስጡ የገባለት በ1954 ዓ.ም. ነው።

የአሠራሩ ነገር እንዲህ ነው። በካሜራው ፊት ያለችውን ትንሽ እጀታ ወደ ታች ስንስባት በውስጥ ያለ ሞላ ይጠመጠማል። ቁልፉን በተጫንን ጊዜ ሞላው ሊፈታ ይፈልጋል፤ ነገር ግን ጥርስ ባላቸው ትንንሽ መንኰራኵሮች ተይዟል። በመጨረሻው መንኰራኵር ላይ ወዲያና ወዲህ የምትወዛወዝ ትንሽ ብረት አለች፤ እርስዋም አንዳንድ ጥርስ ብቻ እየለቀቀች ፍጥነቱን ትገታለች። እንደ ንብ የሚሰማው ድምፅ ከዚህ የተነሣ ነው። ብዙውን ጊዜ ከ8 እስከ 12 ሰኮንድ ካለፈ በኋላ እጀታዋ ወደ ቦታዋ ስትደርስ መዝጊያውን ትለቀዋለች። በብዙ የጀርመን መዝጊያዎች ላይ ቪ የሚባለው የላቲን ፊደል የተጻፈበት ምልክት ይህን ማዘግያ ያመለክታል። ከኤሌክትሪክ ዘመን ወዲህ ደግሞ ሞላው ቀርቶ ሥራው ለባትሪ ተሰጠ። በ1976 ዓ.ም. የወጣው ካኖን ኤ ኢ አንድ 10 ሰኮንድ ሲቈጥር በፊቱ ያለች ቀይ መብራት ብልጭ ድርግም ትላለች።

ማዘግያ ሰውን ወደ ሰልፉ ከማስገባት ሌላ ሁለተኛ ጥቅም አላት፤ እርሱም እጅን ከካሜራው ማራቅ ነው። በምሽት ወይም ብርሃን በሚያንስበት አዳራሽ መዝጊያው ረዘም ላለ ጊዜ ተከፍቶ መቆየት ስላለበት፥ ቁልፉን የሚጫነው ጣት ካሜራውን ጥቂት ቢያናውጠው ሥዕሉ ይደበዝዛል። በማዘግያ ሲሆን ግን ካሜራው ረግቶ ካበቃ በኋላ ያነሣል። እንዲያውም በ1982 ዓ.ም. የወጣው ኒኮን ኤፍ ኤም ሁለት፥ በማዘግያ ሲሠራ የውስጡ መስተዋት አስቀድሞ ይነሣል። በመስተዋቱ መነሣት የሚሆነውም መናወጥ መዝጊያው ከመከፈቱ በፊት ያልፋል። የድሮ ሰነድ ወይም የአባቶችን ሥዕል በካሜራ ገልብጦ ማስቀመጥ ለሚሻ ሰው ይህ ትልቅ ርዳታ ነው።

አሁን ወደ አያያዟ እንመለስ። የሞላ ማዘግያ ያላቸው ካሜራዎች በየቤቱ ሣጥን ውስጥ ተቀምጠው ይገኛሉና የሚከተለውን መጠንቀቅ ያስፈልጋል።

በመጀመሪያ፥ ብዙ ዘመን ሳይሠራበት የኖረ ካሜራ ፊልም ሳይገባበት ይፈተን። በውስጡ ያለው ዘይት ደርቆ እንደ ሆነ ማዘግያው በመካከል ይቆማል፤ በአሮጌዎቹም ላይ መዝጊያውን ሁሉ ይዞ ይቀራል። እንዲህ በሆነ ጊዜ በጕልበት መግፋት መንኰራኵሩን መስበር ነውና ለሚያውቅ ጠጋኝ መስጠት ይሻላል። የሚያጠራጥር ከሆነ ከነጭራሹ እጀታዋን አለመንካት ይበጃል።

ሁለተኛ፥ ሥርዐቱ ይጠበቅ። አስቀድሞ ፊልሙ ይጠምጠም፥ መዝጊያውም ይሞላ። ቀጥሎ የማዘግያዋ እጀታ ትሳብ፤ በመጨረሻም ቁልፉ ይጫን። እየቈጠረ ሳለ እጀታዋን በእጅ መመለስ አይገባም። ሥራው ካለቀም በኋላ ሞላውን እንደ ተጠመጠመ ትቶ ካሜራውን ማስቀመጥ ሞላውን ያደክማል።

ሦስተኛ፥ ካሜራው ባለ ሦስት እግር ማቆሚያ ላይ፥ ወይም በማይናወጥ ጠረጴዛ ላይ ይቁም። ርቀቱ የሚለካው አስቀድሞ በተቀመጠ ሰው ላይ ነው እንጂ ባዶ በሆነው በአንሺው ቦታ በስተ ኋላ ባለው ግድግዳ ላይ አይሁን። ብርሃኑን በራሱ የሚለካ ካሜራ ሲሆን ደግሞ፥ አንሺው ዐይኑን ካነሣ በኋላ በመመልከቻው ቀዳዳ የሚገባው ብርሃን ልኩን ስለሚያሳስት ቀዳዳውን በክዳኑ መሸፈን ይገባል።

አራተኛ፥ የአንሺው ቦታ አስቀድሞ ባዶ ሆኖ ይጠበቅለት፤ ቦታውም ከዳር ቢሆን ይመረጣል። ሽማግሌዎችና አሮጊቶች በመካከል ይቀመጡ፤ ሕፃናት ሲጠብቁ ይሰለቻሉና በመጨረሻ ይጠሩ። አንሺው ቁልፉን ከተጫነ በኋላ በርጋታ ይራመድ። ዐሥር ሰኮንድ ለሚሮጥ ሰው አጭር፥ ለሚራመድ ሰው ግን በቂ ነው። የቸኮለ አፍስሶ ለቀመ እንዲሉ፥ ሮጦ የመጣ ሰው ልብሱ ተዛብቶ፥ ትንፋሹም ተቋርጦ ለዘለዓለም ይኖራል። ደግሞም አንድ ጊዜ አንሥቶ አለመተው፥ ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ መድገም መልካም ነው። በመጀመሪያው ሁሉም ካሜራውን እየፈሩ ያዩታልና፥ በሁለተኛው ሳቃቸው ይመጣል።

በዛሬው ዘመን በእጅ ስልክ ክንድን ዘርግቶ ራስን ማንሣት ተለምዷል። ይህም አንሺውን ከሥዕሉ ስላገባው የሚነቀፍ አይደለም። ነገር ግን ክንድ አጭር ስለ ሆነ ፊትን እንጂ ቤትን አያሳይም። የአያት መቀመጫ፥ የግቢው ዛፍ፥ የልጆቹ ቁመት፥ ሰው ከሰው አጠገብ የቆመበት አቋቋም ከውጭ ይቀራል። በዚያው በስልኩ ውስጥም ማዘግያ አለችና፥ ስልኩን በአንድ ነገር ላይ አስደግፎ ራቅ ብሎ መቆም ይቻላል። በፊልም ለሚያነሣም በስልክ ለሚያነሣም ምክሩ አንድ ነው።

እንግዲህ በሚመጣው በዓል ወይም ሰርግ ቤተ ሰቡ በተሰበሰበ ጊዜ፥ ካሜራ የያዘው ማን እንደ ሆነ አንባቢዎቻችን ይመልከቱ። ምናልባት ከሁሉ ይልቅ ለቤቱ የሚያስበው እርሱ ይሆናል፤ ስለዚህም ራሱን ይረሳል። እርሱ ባያስብ ሌሎቹ ያስቡለት፤ በሰልፉም ዳር አንድ ሰው የሚበቃ ስፍራ ትተው ይጠብቁት። ዐሥር ሰኮንድ መታገሥ ከማንም ላይ የሚያጎድለው ነገር የለም፤ ለልጆቹ ግን አባታቸውን ወይም እናታቸውን ያተርፍላቸዋል።