ለሚመጣው ስንዘጋጅ ያለውን አንርሳ

በዚህ እትም የምናወጋው ሁለተኛ ልጅ ስለሚጠባበቁ ቤተሰቦች ነው። ይህን ገጽ ከምታነቡት መካከል አንዳንዶቻችሁ በዚህ ወቅት ላይ ትገኙ ይሆናል። ሌሎቻችሁ ደግሞ እሑድ ከአምልኮ በኋላ በቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ "ሁለተኛውስ መቼ ነው?" የሚለው ጥያቄ የሰለቻችሁ ትሆናላችሁ። ለሁላችሁም የሚሆን አንድ ነገር ከራሴ ቤት ላካፍላችሁ።

ሁለተኛ ልጃችንን አርግዤ ሰባት ወር ሲሞላኝ የመጀመሪያው ልጃችን ገና አራት ዓመት አልሞላውም ነበር። የምንኖረው ባለ አንድ መኝታ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ስለሆነ ቦታ የማብቃቃቱ ነገር ያሳስበን ነበር። አንድ ቅዳሜ ባለቤቴ የልጃችንን ትንሽ አልጋ አጥቦ ቀለም ቀባና ለሚመጣው ሕፃን ብሎ ከእኛ አልጋ አጠገብ አቆመው። ለልጃችን ሳሎን ውስጥ ፍራሽ ተነጠፈለት። "አንተ እኮ አድገሃል፣ ትልቅ ልጅ ሆነሃል" አልነው። እሱም ምንም አላለም። ዝምታውን እንደ መስማማት ቆጠርነው።

ከሁለት ቀን በኋላ ከሥራ ስመለስ በር ላይ ቆሞ አገኘሁት። በእጁ ፌስታል ይዟል። ፌስታሉ ውስጥ የእሑድ ጫማው፣ አንድ እግር ካልሲና የሚወዳት መኪናው ነበሩ።

"ወዴት ነው ጉዞው?" አልኩት እየሳቅሁ።

"እማማ ቤት። ሕፃኑ ሊመጣ ነው አይደል?" አለኝ።

ሳቄ እዚያው ቀረ። ነገሩን ስናጣራ አንዲት ጎረቤታችን ደረጃ ላይ ባገኙት ቁጥር "ሕፃኑ ሲመጣ አንተን ለአያትህ ነው የሚሰጡህ" እያሉ ይቀልዱበት ኖሯል። ሴትዮዋ ልጃችንን የሚወዱ ደግ ሰው ናቸው። እንዲህ ያለው ቀልድም በየሰፈራችን የተለመደ ነው። ልጄ ግን አልጋው ሲወሰድ በዓይኑ ስላየ ቀልዱን አመነው። አላለቀሰም፤ አልተቆጣም፤ ዕቃውን ሰብስቦ የሚወስደውን ሰው ይጠብቅ ነበር።

ያን ዕለት ማታ እሱ ከተኛ በኋላ እኔና ባለቤቴ ለረጅም ጊዜ ተቀምጠን ተነጋገርን። ለሚመጣው ሕፃን ያላዘጋጀነው ነገር አልነበረም። ልብሱ ታጥቦ ታጥፏል፤ ብርድ ልብሱ ተገዝቷል፤ የገንፎው እህል ተዘጋጅቷል። ቤት ውስጥ ላለው ልጅ ግን ምን አዘጋጀን? ያገኘነው መልስ አሳፈረን። ውድ አንባቢያን፣ የዛሬው መልእክቴ ይህ ነው፦ ሁለተኛ ልጅ ሲመጣ ብዙውን ጊዜ የሚረሳው ገና ያልተወለደው አይደለም፤ "እሱስ አለ" ብለን የምናልፈው ነው።

"አውቀዋለሁ" የምትል እናት

ስንነጋገር የተረሳው ልጃችን ብቻ እንዳልሆነ ገባን። እኔም ራሴን ረስቼ ነበር። በመጀመሪያው እርግዝናዬ ክትትል የጀመርኩት ሁለት ወር ሳይሞላኝ ነው። ባለቤቴም ከሥራ እያስፈቀደ አብሮኝ ይሄድ ነበር። በሁለተኛው ግን "አሁንማ አውቀዋለሁ" ብዬ በአምስተኛው ወር ብቻዬን ሄድኩ። አዋላጅ ነርሷ "የደም ዓይነትሽ ምንድን ነው?" ስትለኝ መልስ አልነበረኝም። የመጀመሪያው ካርዴ የት እንደገባ እንኳ አላውቅም ነበር።

ጥያቄዋ ቀላል አልነበረም። እናቶቻችን ልጅ እየተወለደ ሲሞትባቸው "ሾተላይ ነው" ይሉ ነበር። ዛሬ በሕክምናው ሾተላይ የሚባለው የእናትየዋ የደም ዓይነት አርኤች ኔጌቲቭ፣ የፅንሱ ደግሞ ፖዘቲቭ ሲሆን የሚፈጠረው ችግር ነው። በዚህ ጊዜ የመጀመሪያው ልጅ አብዛኛውን ጊዜ በደህና ይወለዳል። በወሊድ ወቅት ግን የልጁ ደም ወደ እናቱ ደም ሲገባ የእናትየዋ ሰውነት ደሙን የሚዋጋ መከላከያ ያዘጋጃል። ይህ መከላከያ የሚጎዳው ቀጥሎ የሚፀነሰውን ልጅ ነው። ችግሩን አስቀድሞ የሚከላከል መርፌ አለ። ብዙውን ጊዜ የሚሰጠው በእርግዝናው 28ኛ ሳምንት አካባቢና ከወሊድ በኋላ በ72 ሰዓት ውስጥ ነው። ውርጃ ያጋጠማት ኔጌቲቭ እናትም ስለዚሁ መርፌ ሐኪም ማማከር ይኖርባታል። እንግዲህ "የመጀመሪያው በሰላም ተወልዷል" ማለት ለሁለተኛው ዋስትና እንደማይሆን አስተውሉ።

የእኔ ውጤት ፖዘቲቭ ሆነና ተገላገልኩ። ቢሆንም ያን ቀን የተሰማኝን ድንጋጤ አልረሳውም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው መመሪያ ነፍሰ ጡር ሴት ቢያንስ 8 ጊዜ የጤና ባለሙያ እንድታይ፣ የመጀመሪያውም እስከ 12ኛው ሳምንት ድረስ እንዲሆን ይመክራል። ይህ ምክር ለመጀመሪያ ልጅ ብቻ የተሰጠ አይደለም። እኅቶቼ፣ በጌታ መታመን ካርድ ከማውጣት አያግድም። ደም ከታየ፣ ብርቱ ራስ ምታትና የዓይን ብዥታ ከመጣ፣ ወይም የልጁ እንቅስቃሴ ከቀነሰ "ባለፈውም እንዲህ አድርጎኝ ነበር" ብላችሁ አትደሩ፤ ያኔውኑ ወደ ሐኪም ሂዱ። "መቼ ነው?" ለሚሏችሁም መልስ አለ፦ ይኸው ድርጅት አንድ ልጅ ከተወለደ በኋላ ቀጣዩን ከማርገዝ በፊት ቢያንስ 24 ወር መቆየትን ይመክራል። ቀሪው በእናንተና በጌታ መካከል ነው።

ቦታ ለተወሰደበት ልጅ

ወደ ልጃችን ልመለስ። በማግስቱ ባለቤቴ አልጋውን ወደ ቦታው መለሰው። ለሚመጣው ሕፃን ደግሞ እኅቴ ልጆቿን ያሳደገችበትን ትንሽ አልጋ ተዋስን። ከዚያ በኋላ ያደረግናቸውን ጥቂት ነገሮች ልንገራችሁ።

አንደኛ፣ የራሱን ታሪክ ነገርነው። የተወለደ ዕለት የተነሣውን ፎቶግራፍ አውጥተን "አንተም እንዲህ ትንሽ ነበርክ፤ አባዬ እንዲህ አቅፎህ ነበር፤ እማማ ገንፎ አገንፍታ ነበር" አልነው። ሰው ሁሉ ስለሚመጣው ሕፃን በሚያወራበት ወቅት ስለ ራሱ የሚወራ ነገር ማግኘቱ ፊቱን ሲያበራው አየን። ያንን ታሪክ ስንት ጊዜ እንዳስደገመን አልቆጠርነውም።

ሁለተኛ፣ ለጎረቤትና ለዘመድ በትሕትና ነገርናቸው። "ተረሳህ እኮ"፣ "እማዬ ከእንግዲህ የሕፃኑ ናት" የሚለውን ቀልድ እባካችሁ ተዉልን አልናቸው። ጎረቤታችን ነገሩን ሲሰሙ "ውይ ልጄን!" ብለው ደነገጡ። በዚያው ሳምንት ብስኩት ገዝተው መጥተው "የትም አትሄድም፣ የቤቱ ታላቅ አንተ ነህ" አሉት።

ሦስተኛ፣ ማስተኛቱን ባለቤቴ ከሰባተኛው ወር ጀምሮ ወሰደ። እግር ማጠቡ፣ ተረቱና የማታው ጸሎት የአባትና የልጅ ሆኑ። ይህ ለውጥ ከወሊድ በኋላ ቢመጣ ኖሮ ልጃችን "ሕፃኑ እናቴን ነጠቀኝ" ይል ነበር። አስቀድሞ ስለመጣ ግን "ማታ ማታ አባዬ የእኔ ነው" አለ። አባቶች፣ ለሁለተኛ ልጅ የምታደርጉት ትልቁ ዝግጅት ለመጀመሪያው የምትሰጡት ጊዜ መሆኑን አትዘንጉ።

አራተኛ፣ ስለ ምጡ ሌሊት ተነጋገርን። ሁለተኛ ምጥ ብዙ ጊዜ ከመጀመሪያው ይፈጥናል። በመጀመሪያው ጊዜ ቤታችሁን ቆልፋችሁ ትወጡ ይሆናል፤ አሁን ግን የተኛ ልጅ አለ። ማን ከእሱ ጋር ያድራል? የማን ስልክ ሌሊትም ይነሣል? ለመኪና የተቀመጠው ገንዘብ የት ነው? ይህን እንደ እኛ በዘጠነኛው ወር ሳይሆን አስቀድማችሁ ወስኑ። ለልጁም "አንድ ቀን ስትነሣ እማማን እዚህ ታገኛታለህ፤ እኔም ተመልሼ እመጣለሁ" ብላችሁ ንገሩት። ሳይነገረው ተነሥቶ ቢያጣችሁ ድንጋጤው ቀላል አይሆንም።

ወደ ቤት ስትመለሱ

እግዚአብሔር ይመስገን፣ ሴት ልጅ በሰላም ተገላገልኩ። ከሐኪም ቤት ስንመለስ ሕፃኗን ባለቤቴ ታቅፎ እኔ ባዶ እጄን ገባሁ። ልጄ ሮጦ ሲመጣ የሚያቅፈው ክንድ ነፃ እንዲሆን ነው። በኋላ ከጎኔ ተቀምጦ እኅቱን አየ። "ለምን ፀጉር የላትም?" የመጀመሪያ ጥያቄው ነበር።

ከዚያ አራስ ጠያቂው መጣ። ሰው እየገባ ወደ ሕፃኗ ሲያልፍ አማቴ በር አጠገብ ተቀምጠው "መጀመሪያ ወንድምዬውን ሰላም በሉት" ይሉ ነበር። ምንም ገንዘብ የማያስወጣ ነገር ነው፤ ልጄ ግን በአማቴ ጎን ደረቱን ነፍቶ ነበር የሚቆመው።

ሁሉም ነገር ያለ ችግር አለፈ እንዳልላችሁ። ማታ ሽንት ማምለጥ ካቆመ ዓመት ያለፈው ልጅ እንደገና አልጋው ላይ መሽናት ጀመረ። ጡጦ አምጡልኝ አለ፤ እንደ ሕፃን መኮላተፍም ያዘ። እኔም አንድ ቀን እንቅልፍ አጥቼ "አታፍርም? ትልቅ አይደለህም?" ብዬ ጮኽኩበት። ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው ያዘንኩት። አራት ዓመት ያልሞላው ልጅ ትልቅ የሆነው ከአራስ አጠገብ ስላየነው ብቻ ነው። እንዲህ ያለው ወደ ኋላ መመለስ በብዙ ልጆች ላይ ይታያል፤ ሳይቀጡና ሳያሳፍሩ ከያዙት ጊዜውን ጠብቆ ያልፋል። ይቅርታ ጠየቅሁት፤ ጡጦውንም ሰጠሁት። ሁለት ጊዜ ስቦ "አይጣፍጥም" ብሎ መለሰልኝ።

ዳይፐር አቀብለኝ፣ ፎጣ አምጣልኝ ማለቱ ደስ ያሰኘዋል። ነገር ግን ረዳት እንጂ ሞግዚት አታድርጉት። ሕፃን ልጅንም ከሌላ ሕፃን ጋር ብቻቸውን ትታችሁ አትሂዱ፤ በፍቅርም ቢሆን አጥብቆ ሊያቅፋት ይችላል።

በሕጉ በኩልም የምታውቁት ይሁን። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ለእናት ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ ደግሞ 90 ቀን፣ ለአባትም 3 ቀን ከደመወዝ ጋር ፈቃድ ይሰጣል። ሦስት ቀን ጥቂት ናት። ባለቤቴ ከሦስቱ ቀናት አንዱን ከሰዓት በኋላ ከልጃችን ጋር ኳስ ሲጫወት አሳለፈ። ጠያቂ በበዛበት ቤት ያ ከሰዓት በኋላ ለልጃችን ትልቅ ስጦታ ነበር።

ከቃሉ ምን እንማራለን?

መጽሐፍ ቅዱስ የቤተሰብን ድካም አይሸሽግም። ዘፍጥረት 25ን ስታነቡ ይስሐቅ ዔሳውን፣ ርብቃ ደግሞ ያዕቆብን ይወዱ እንደነበር ታያላችሁ። አባትና እናት ልጆቹን ተከፋፈሏቸው፤ መጨረሻውም ለዓመታት መለያየት ሆነ። በዚያ ቤት ያደገው ያዕቆብ ራሱ አባት ሲሆን በምዕራፍ 37 ለዮሴፍ የተለየ ልብስ አደረገለት፤ የወንድማማቾቹን ቅንዓት የምናውቀው ነው። በአንጻሩ ዘጸአት 2 ላይ ታናሽ ወንድሟ በውኃው ዳር ሲቀመጥ ምን እንደሚሆን ለማወቅ በሩቅ ቆማ የምትጠብቅ እኅት እናገኛለን። ልጆቻችን እንዲህ የሚጠባበቁ እንዲሆኑ የምንፈልግ ከሆነ፣ ታላቁ ታናሹን ቦታውን የወሰደበት ባላጋራ አድርጎ እንዳያይ እኛ ወላጆች ልንጠነቀቅ ይገባል።

ያ አልጋስ ምን ሆነ ትሉኝ ይሆናል። ሕፃኗ አምስት ወር ሲሞላት ልጃችን አንድ ማታ እግሩን ዘርግቶ ለካና "ይኼ አልጋ ጠበበኝ፤ ለእሷ ስጧት" አለ። ሰባት ወር ላይ የወሰድንበትን አልጋ አሁን ራሱ ሰጠ።

ለባልና ሚስት መወያያ

፩. በቤታችን ውስጥ "እሱስ አለ" ወይም "እሷስ ታውቀዋለች" ተብሎ የተረሳ ሰው ማን ነው?

፪. ልጃችን ስለሚመጣው ሕፃን ከሰዎች ምን ሰምቷል? ከእኛስ ምን ሰምቷል?

፫. የደም ዓይነታችንን እናውቃለን? በምጡ ሌሊት ከልጃችን ጋር የሚያድረውስ ማን ነው?

በእነዚህ ላይ ዛሬ ማታ ከጸሎት በፊት ተነጋገሩባቸው። በእርግዝና ላይ ያላችሁ እኅቶች፣ ጌታ በሰላም ይገላግላችሁ። እስከ ሚቀጥለው እትም ሰላም ሁኑ።