«ደግ ነበሩ» ማለት ብቻ አይበቃም



በሐዋሳ ከተማችን አንዲት እናት ያረፉ እንደ ሆነ ሥርዓቱ የታወቀ ነው። ዕድሩ ድንኳን ይተክላል፤ የማኅበሩ እኅቶች ንፍሮና እንጀራ ይዘው ይመጣሉ፤ አርባው በደረሰ ጊዜም ተዝካር ይወጣል። በዚህ ሁሉ መካከል ስለ ሟቿ የሚነገረው ቃል ግን ከሦስት አይበልጥም፤ «ደግ ነበሩ፤ ጸሎተኛ ነበሩ፤ ለልጆቻቸው ይሳሱ ነበር» ይባላል። ቃሉ እውነት ነው። ነገር ግን ለማናቸውም እናት የሚስማማ ስለ ሆነ፥ እኚህን እናት ከሌላይቱ ለይቶ አያሳውቅም።

ከዚህም የሚብስ አለ። ካህኑ ፍትሐት ሊያደርሱ «የክርስትና ስማቸው ማን ነው?» ብለው ሲጠይቁ፥ ከተማረው ልጅ አፍ መልስ የሚታጣበት ጊዜ አለ። ልጁ ዲፕሎማውን በመስተዋት አስገብቶ ከግድግዳ ላይ ሰቅሏል፤ እናቱ የቆረቡበትን ስም ግን ከጎረቤት ይጠይቃል።

ነገሩን ለማስረዳት ስማቸው የታወቀውን እናት፥ እቴጌ መነን አስፋውን ምሳሌ አድርገን እንውሰድ። ተማሪዎቼን «እቴጌ መነን ማን ናቸው?» ብዬ ስጠይቅ፥ «የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ባለቤት፤ ሃይማኖተኛ ሴት» ይሉኛል። ከዚያ በኋላ ዝም ነው። እስቲ ዝምታውን በሥራቸው እንሙላው።

እቴጌ መነን የተወለዱት በወሎ በአምባሰል ሲሆን፥ የክርስትና ስማቸው ወለተ ጊዮርጊስ ነበር። በ1903 ዓ.ም. ደጃዝማች ተፈሪ መኰንንን አግብተው ስድስት ልጆች ወለዱላቸው። ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. ከባለቤታቸው ጋር በአንድ ቀን ዘውድ ጫኑ። በቀጠለውም ዓመት በአዲስ አበባ በስማቸው የሴቶች ልጆች ትምህርት ቤት ተከፈተ። ያን ጊዜ ሴት ልጅን ለትምህርት መስደድ ለብዙ ወላጆች እንግዳ ነገር ነበር።

በ1928 ዓ.ም. የፋሺስት ጦር ወደ አዲስ አበባ ሲገሠግሥ ቤተሰቡ ተሰደደ። እቴጌይቱም በስደት ሳሉ፥ አገራቸው ነጻ ብትወጣ ዘውዳቸውን በቤተ ልሔም ለሚገኘው ለጌታ ልደት ቤተ ክርስቲያን ሊሰጡ ተሳሉ። ከ1933 ዓ.ም. ነጻነት በኋላ ስለታቸውን አደረሱ። በጭንቅ ቀን የሚሳል ሰው ብዙ ነው፤ ጭንቁ ካለፈ በኋላ ግን ስለቱ ይከብደዋል። እርሳቸው የሰጡት ከትርፋቸው ላይ አንሥተው ሳይሆን፥ የነገሡበትን ዘውድ ነው።

የእናትነታቸውም ነገር እንዲሁ ነው። ልዕልት ዘነበ ወርቅ ዐረፉ። በእንግሊዝ አገር የአስታማሚነት ሙያ ተምረው የተመለሱት ልዕልት ፀሐይ በ1934 ዓ.ም. ሞቱ። በ1949 ዓ.ም. ደግሞ ልዑል መኰንን በመኪና አደጋ ተለዩ። የሦስት ልጆች ኀዘን ያየች እናት ቤተ ክርስቲያን ስትሳለም፥ እግሯን ልማድ ብቻ ይመራታል ማለት አይቻልም። እቴጌይቱ የካቲት 8 ቀን 1954 ዓ.ም. ዐርፈው በመንበረ ጸባኦት ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ተቀበሩ።

ከ1966ቱ አብዮት በኋላ ትምህርት ቤታቸው «የካቲት 12» ተባለ። ለእቴጌ እንኳ እንዲህ ከሆነ፥ በሰሌዳም በመጽሐፍም ስማቸው ላልተጻፈው እናቶቻችን እንዴት ይሆን?

ከተማችን ሐዋሳ የተቈረቈረችው በ1952 ዓ.ም. ገደማ ነው፤ እቴጌይቱ ሲያርፉ ገና እንደ ሁለት ዓመት ልጅ ነበረች። ያን ጊዜ በሐይቁ አጠገብ ጎጆ የቀለሱት ሙሽሮች፥ ዛሬ በሕይወት ያሉት የሰማንያ ዓመት ባልቴቶች ናቸው። ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 ቀን፥ በቅዱስ ገብርኤል ንግሥ፥ ነጠላቸውን አጣፍተው ከቅጥሩ ሥር ተቀምጠው እናያቸዋለን። ከየት እንደ መጡ፥ ስንት ልጅ እንደ ቀበሩ፥ የማንን ወላጅ አልባ ልጅ እንዳሳደጉ የሚናገር ፋይል በየትኛውም መዝገብ ቤት የለም። ታሪካቸው ያለው በአፋቸው ብቻ ነው።

ምናልባት አንድ አንባቢ፥ «ሃይማኖተኛ ሰው በጎ ሥራውን ይሰውራል እንጂ አያሳውጅም» ይለኝ ይሆናል። እውነት ነው፤ መሰወር የእርሳቸው ድርሻ ነው። ማወቅና ማስታወስ ግን የልጅ ድርሻ ነው። እናት ስለ ትሕትና ዝም ቢሉ ጽድቅ ይሆንላቸዋል፤ ልጅ ዝም ቢል ግን ስንፍና ነው።

እንግዲህ አንተ በመሥሪያ ቤት የሰውን ሁሉ ጉዳይ በቁጥርና በቀን እየመዘገብህ የምታስቀምጥ ወጣት ጸሐፊ፥ አንቺም ለፈተና የነገሥታትን ዘመን በቃልሽ የምታጠኚ ተማሪ፥ በመጪው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቡናው ሲፈላ አንድ ደብተር ይዛችሁ ከእናታችሁ አጠገብ ተቀመጡ። የክርስትና ስማቸውን ጠይቁ። የትኛውን ታቦት እንደሚዘክሩና ስለ ምን እንደ ተሳሉ ጠይቁ። የሞቱባቸውን ልጆች ስም አንድ በአንድ ጻፉ፤ ያሳደጓቸውንም የሰው ልጆች አትርሱ። «ምን ያደርግልሃል፤ ተወው ልጄ» ቢሏችሁም አትተዉ፤ ሁለተኛው ስኒ እስኪቀዳ ጠብቁና እንደገና ጠይቁ።