መዳቡ ታየ፤ መድኃኒቱስ?

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይባላል። የዊልሰን በሽታ ግን ተገላቢጦሽ ነው፤ የሚደበቀው ታማሚው ሳይሆን በሽታው ራሱ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሰውነታችን መዳብ በጥቂቱ ያስፈልገዋል። የተረፈውን ጉበት በሐሞት በኩል ያስወግደዋል። ለዚህ ሥራ የሚያስፈልገው ኤቲፒ7ቢ የተባለ ጂን ነው። ከእናትም ከአባትም የተበላሸ ጂን በወረሰ ልጅ ላይ ግን መዳቡ መውጫ ያጣል፤ በጉበት፣ ከዚያም በአንጎል ይከማቻል። እጅ ይንቀጠቀጣል፣ አንደበት ይተሳሰራል፣ ጠባይ ይለወጣል። አንዱ ሐኪም የጉበት፣ ሌላው የነርቭ፣ ሦስተኛው የአእምሮ ሕመም ነው ይላል። በዚህ መሐል ዓመታት ያልፋሉ።

እንግሊዛዊው ሐኪም ኪኒየር ዊልሰን እ.ኤ.አ. በ1912 ሲገልጸው የበሽታው መጨረሻ ሞት ነበር። ዛሬ በጊዜ ከተደረሰበት በኪኒን ይገታል። በዘር ከሚወረሱ በሽታዎች ይህ ዕድል ያላቸው ጥቂት ናቸው።

ስለዚህ መዳቡን ቀድሞ ማየት ዕድሜ ማትረፍ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 ክሪስቶፈር ቻንግ የሚመሩት የአሜሪካ ተመራማሪዎች ቡድን መዳብ ሲያገኝ የሚያበራ ማቅለሚያ ይፋ አደረገ። የዊልሰን በሽታ ባለባቸው አይጦች ውስጥ የተከማቸውን መዳብ፣ አይጦቹ በሕይወት እያሉ፣ ከውጭ በካሜራ ማየት ተቻለ። ዛሬም አንዳንድ ታማሚ የመዳቡ መጠን እንዲለካ ከጉበቱ በመርፌ ናሙና እንደሚወሰድ ለሚያውቅ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። እርግጥ የሰው ጉበት እንደ አይጥ ለቆዳ ቅርብ ስላልሆነ ብርሃኑ በቀላሉ አይደርስበትም። መንገዱ ገና ነው።

ግን መንገዱ አልቆ በሽታው ሁሉ በጊዜ ቢታይስ? ጥያቄው እዚህ ላይ ነው።

ትሪየንቲን መዳብን ይዞ በሽንት የሚያስወጣ መድኃኒት ነው። ለታማሚዎች መሰጠት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1969 ነው። አሜሪካ ውስጥ ሲፕሪን በሚል ስም የሚሸጠው ቫሊያንት የተባለው ኩባንያ ነበር። የ100 ፍሬ ዋጋ እ.ኤ.አ. በ2010 652 ዶላር ነበር፤ በ2015 21,267 ዶላር ገባ። በ2018 ቴቫ ተመሳሳዩን «በርካሽ» አመጣ ሲባል፣ ዋጋው 18,375 ዶላር ሆኖ ተገኘ።

በሽታው ብርቅ ነው፣ ገዢው ጥቂት ነው፣ ስለዚህ ወጪው ለጥቂቶች ይከፋፈላል የሚል መከራከሪያ አለ። ለአዲስ መድኃኒት ቢሆን ሚዛን በደፋ ነበር። ይህ ግን ከአርባ ዓመት በላይ የቆየ መድኃኒት ነው። በአምስት ዓመት ውስጥ የተለወጠው ዋጋው እንጂ ኪኒኑ አይደለም። ታማሚው ደግሞ ዕድሜ ልኩን ሊወስደው ግድ ነው፤ ካቋረጠ ጉበቱ ሊከዳው ይችላል። «ይቅርብኝ» ማለት የማይችል ገዢ ገበያ ላይ አይደራደርም።

መንግሥታት ምርምርን በሕዝብ ገንዘብ ሲደግፉ የቆዩ መድኃኒቶችንም ዋጋ መጠበቅ አለባቸው። መዳቡን አይቶ ኪኒኑን መግዛት ላልቻለ ሰው ምርመራው ፍርዱን ቀድሞ መስማት ብቻ ነው።