ላቡ የቆቦ ሙቀት ነው ወይስ የስኳር መውረድ?



ቼስ ቁጭ ተብሎ የሚጫወቱት ስለሆነ ብዙዎቻችን «ለጤና ምንም አያሰጋም» እንላለን። እኔ በዚህ አልስማማም። በተለይ እንደ ቆቦና ራያ ቆላ ባለ ሞቃት አካባቢ የሚወዳደር ስኳር ያለበት ሰው፣ ከተጋጣሚው በፊት ሊጠነቀቅለት የሚገባ ነገር አለ፤ የስኳር መውረድ።

ለምን መሰላችሁ? ለእያንዳንዱ ተጫዋች 90 ደቂቃ በሚሰጥበት ውድድር አንድ ጨዋታ 3 ሰዓትና ከዚያ በላይ ሊወስድ ይችላል። ኢንሱሊኑን ተወግቶ ወይም ግሊቤንክላሚዱን ውጦ ምሳውን «ከጨዋታው በኋላ» ያለ ሰው፣ ስኳሩ ከ70 በታች ሊወርድበት ይችላል። ምልክቶቹ ላብ፣ የእጅ መንቀጥቀጥ፣ የልብ ምት መፍጠንና ሐሳብ መሰብሰብ አለመቻል ናቸው። ችግሩ እዚህ ጋ ነው፤ የውድድር ጭንቀትም እነዚህኑ ያመጣል። ስለዚህ ላቡን በቆቦ ፀሐይ፣ መንቀጥቀጡን በጨዋታው እናሳብባለን። ንግሥቲቱን በነፃ ሲያስበላም «ዛሬ ተዘናጋ» ይባላል እንጂ «ምን ሆነሃል?» የሚለው የለም፤ አዳራሹ ጸጥ ብሏላ!

የጥንቱ ሰንጠረዣችን እንዲህ አልነበረም። እንግሊዛዊው ሄንሪ ሶልት በ1805 እ.ኤ.አ. ራስ ወልደ ሥላሴ ትግራይ ውስጥ ሲጫወቱ ሲያይ፣ ዙሪያውን ያለው ሰው ሁሉ ሐሳብ እየሰጠ ይንጫጫ ነበር። ዛሬ ለተጫዋች ምክር መስጠት ክልክል ነው፤ ልክም ነው። የሰውየውን ፊት አይቶ ዳኛ መጥራት ግን ምክር አይደለም።

ተጫዋቹም «ሰዓቱ ይቆጥርብኛል» ብሎ ዝም ማለት የለበትም። በዓለም አቀፉ የቼስ ሕግ የዳኛ እርዳታ ለመጠየቅ ሰዓቱን ማቆም ይቻላል።

ስለዚህ፦

✅ መድኃኒት ወስደው ምግብ ሳይበሉ ለጨዋታ አይቀመጡ። መድኃኒቱንም በራስዎ ፈቃድ አያቋርጡ፤ ሰዓቱን ከሐኪምዎ ጋር ያስተካክሉ።

✅ ስኳር እንዳለብዎ ለዳኛው ቀድመው ይንገሩ። የስኳር መለኪያዎንም ያሳውቁ፤ ኤሌክትሮኒክ ዕቃ ስለሆነ ፈቃድ ይፈልጋል።

✅ ውኃና ስኳር አጠገብዎ ይኑር።

✅ ምልክቱ ከመጣ ሰዓቱን አቁመው ዳኛ ይጥሩና ይለኩ። መለኪያ ከሌለ ሳይጠብቁ 3 ወይም 4 የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጠው ይጠጡ። በ15 ደቂቃ ካልተሻለዎ ይድገሙ፤ ሲሻልዎ ምግብ ይብሉ።

✅ ራሱን ለሳተ ሰው በአፉ ምንም አይስጡ። ቶሎ ወደ ጤና ተቋም ይውሰዱት።

አዘጋጆችም ብትሆኑ ውድድሩን ከቀትሩ ሙቀት አሽሹት፤ በዙሮች መሃል የምግብ ሰዓት አትንፈጉ። የተሸነፈ ሰው በሚቀጥለው ዙር ይክሳል። ወንበሩ ላይ ራሱን የሳተውን ግን ቀጣዩ ዙር አይክሰውም።

ቼስ ለሚወድ ወዳጅዎ ሼር ያድርጉለት። መልካም ጤና!