ለእኩዮቼ፦ ስለ እግራችንና ስለ ማታዋ መለኪያ



ባለፈው ክረምት ከመካከላችን አንዱን ቀብረናል። ስሙን አልጠራም፤ እናንተ ታውቁታላችሁ። ለቅሶው ላይ ሁላችንም «ጭቃ አንሸራቶት ወድቆ ነው የቀረው» አልን። እኔም አልኩ። ዛሬ ያንን ቃሌን አነሳለሁ፤ እውነቱን አፍኜ ከቆየሁ ሌላ ሰው መቅበራችን ነውና።

ሰውየው ለዓመታት ማታ ማታ እግሩ እረፍት ይነሳው ነበር። ቀን ቡና ሲለቅም፣ ገበያ ሲወጣ ምንም የለበትም። መሽቶ ጋደም ሲል ግን ከጉልበቱ በታች ጉንዳን የሚርመሰመስበት ይመስለዋል። ቁርጥማት አይደለም፤ «አንቀሳቅሰኝ፣ አንቀሳቅሰኝ» የሚል መቁነጥነጥ ነው። ተነስቶ ሲራመድ ይተወዋል፣ ሲተኛ ይመለሳል። ከእናንተ ውስጥ «ይሄማ የኔው ነው» የሚል እንዳለ አውቃለሁ፤ እዚህ ሺሺንዳ ሌሊት በደጄ ወዲያ ወዲህ ሲል ኮቴውን የምሰማው ጎረቤት አለኝ። በጤና ረዳትነት ከሠላሳ ዓመት በላይ ስሠራ እንዲህ የሚሉኝን ሰዎች «እርጅና ነው፣ ብርድ ነው» እያልኩ ሸኝቻለሁ። ተሳስቼ ነበር። ራሱን የቻለ ሕመም ነው፤ ካርል አክሴል ኤክቦም የተባለ ስዊድናዊ ሐኪም በ1945 እ.ኤ.አ. አንድ ሙሉ ጽሑፍ አውጥቶበታል።

ወዳጃችን መድኃኒቱን ራሱ አገኘሁት ብሎ ነበር፦ ከመኝታ በፊት ሁለት መለኪያ አረቄ። አረቄ እንቅልፍ ያመጣል፤ ይህን አልክድም። ዓይን ይከደናል፣ እግርም ለጥቂት ጊዜ ዝም ይላል። ነገሩ የሚገለበጠው ከእኩለ ሌሊት በኋላ ነው። ጉበት መጠጡን ቀስ እያለ ሲያጣራው፣ ተጭኖ የቆየው አንጎል ጎብጦ እንደተለቀቀ ቀንበጥ ይስፈነጠራል። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ላቡ፣ ሽንቱ፣ የልብ ምቱና የሚቁነጠነጠው እግር አንድ ላይ ይቀሰቅሱታል። ሰውየው ግን የሚያስታውሰው የመጀመሪያውን ሰዓት ሰላም ብቻ ነው፤ ስለዚህ በማግስቱ መለኪያውን ይጨምራል። ለዓመታት አብዝቶ የጠጣ ሰው ደግሞ የእግሩ ነርቮች ራሳቸው ይጎዱና መደንዘዝና ማቃጠል ይታከልበታል። ያን ጊዜ የትኛው ሕመም የትኛው መጠጥ እንደሆነ መለየት ለሐኪምም ይከብዳል።

በኋላ ወዳጃችን ታክሞ ጋባፔንቲን ታዘዘለት። ማታ ማታ እየዋጠ ተሻለው፤ መተኛትም ጀመረ። አረቄውን ግን አልተወም፤ ክኒኑን በአረቄው ላይ ደረበው።

እዚህ ላይ ልብ በሉ፤ ይህን ደብዳቤ የጻፍኩት ለዚህ ነው። ጋባፔንቲንም ሆነ ወንድሙ ፕሪጋባሊን ነርቭን የሚያረጋጉ መድኃኒቶች ናቸው፤ አረቄም በራሱ መንገድ አንጎልን ያደነዝዛል። ሁለቱ ሲገናኙ ድካሙ ይደራረባል፦ ሚዛን ይጠፋል፣ ማስተዋል ይደክማል፣ ትንፋሽም ይዘገያል። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣን በ2019 እ.ኤ.አ. መጨረሻ እነዚህ መድኃኒቶች አንጎልን ከሚያደነዝዙ ሌሎች ነገሮች ጋር ሲወሰዱ፣ እንዲሁም ሳንባቸው በታመመባቸውና በአረጋውያን ላይ፣ ትንፋሽን እስከ ሞት ሊያደክሙ እንደሚችሉ አስጠንቅቋል። አረጋውያን ማለት እኛ ነን። ጋባፔንቲን በጉበት አይፈጭም፤ እንዳለ በኩላሊት ነው የሚወጣው፤ ኩላሊታችን ደግሞ እንደ ወጣትነታችን አይሠራም። በሰውነታችን ያለው ውኃም ቀንሷል፤ ድሮ የማይሰማን አንድ መለኪያ ዛሬ በደማችን ውስጥ ይበረታል። ሲተኛ የሚያንኮራፋና ትንፋሹ ቆም ቆም የሚልበት ሰውማ የበለጠ ይፍራ። እንቅልፍ እንቢ ሲል ከጎረቤት የምትበደሩት ዲያዜፓም ከአረቄ ጋር ከዚህም የባሰ ነው።

ለአንዳንዶቻችሁ ፕራሚፔክሶል ወይም ሮፒኒሮል ታዞላችሁ ይሆናል። እነዚህ ከመቀመጫ ብድግ ሲባል የደም ግፊት ይጥላሉ፣ ሳይታሰብም እንቅልፍ ያዘንባሉ፤ መጠጥ ሁለቱንም ያባብሳል። ውለው አድረው ደግሞ ሕመሙ በቀን እንዲጀምርና ወደ ክንድ እንዲዛመት ስለሚያደርጉ፣ የአሜሪካ የእንቅልፍ ሕክምና አካዳሚ በ2025 እ.ኤ.አ. መመሪያው ከፊተኛው ረድፍ አውጥቷቸዋል። ሐኪማችሁን ጠይቁ እንጂ በራሳችሁ አትጣሏቸው።

ወደዚያች ሌሊት ልመለስ። የአዲስ ዓመት በዓላችን የማሽቃሬ ባሮ ሰሞን ነበር፤ እኔ ቤት ተሰብስበናል። «ክኒኔን ውጫለሁ፣ ይብቃኝ» ብሎ መለኪያውን በእጁ ከደነው። እጁን ያነሳሁት እኔ ነኝ። «በበዓል ቀን አንዲት ምን ታደርጋለች?» ብዬ የሞላሁለት እኔ፣ መድኃኒት ሳድል ዕድሜዬን የፈጀሁት ሰው ነኝ። አንዲቷም አንዲት ሆና አልቀረችም። ከሌሊቱ 8 ሰዓት አካባቢ ለሽንት ሲነሳ እቤቱ ደጃፍ ላይ ወደቀ፤ የዳሌው አጥንት ተሰበረ። ቦንጋ ሄደ፣ ጅማም ሄደ፤ ዳግም ግን በእግሩ አልቆመም። ክረምቱ ሲገባ አረፈ። ጭቃው እውነት ነው፤ በሺሺንዳ ክረምት ጭቃ የማይረግጥ የለም። ዕድሜውን ሙሉ በዚያ ጭቃ ላይ ቆሞ ሄዷል።

ከዚያ ወዲህ አንዳንዶቻችሁ ሌላ ብልሃት እንደፈጠራችሁ ሰማሁ፦ ድግስ ባለበት ቀን ክኒኑን ዘሎ መጠጣት። ይህም ያው ገደል ነው። ጋባፔንቲን ሲወሰድ ቆይቶ በድንገት ሲቋረጥ ጭንቀትና እንቅልፍ ማጣት፣ አንዳንዴም የሚጥል በሽታ ዓይነት መንቀጥቀጥ ያመጣል፤ እግሩም በዚያው ሌሊት ብሶ ይመለሳል። መቀነስ ካስፈለገም በሐኪም ምክር ቀስ እየተባለ ነው።

ለዓመታት በየቀኑ ጠዋትም ማታም ስትጠጡ የኖራችሁ ደግሞ ይህን አንብባችሁ በንዴት ዛሬውኑ ጠርሙሱን አትስበሩ። እንዲህ ያለ ሰው በድንገት ሲያቆም ይንቀጠቀጣል፣ ይቃዣል፣ ሊሞትም ይችላል። ጤና ጣቢያ ሂዱና «ማቆም እፈልጋለሁ» በሉ። አያሳፍርም። የምታፍሩ ከሆነ እኔ አብሬያችሁ እሄዳለሁ።

ታዲያ እግሩን ምን እናድርገው? መጀመሪያ ደማችሁን አስመርምሩ። የዚህ ሕመም አንዱ ሥር የብረት ማነስ ነው፤ በተለይ አንጎል ውስጥ። ፈሪቲን የተባለው የብረት ክምችት መለኪያ ከ75 በታች ሲሆን፣ ለሌላው ሰው ደህና የሚባል ቁጥር እንኳ ቢሆን፣ ለዚህ ሕመም ብረት ይሰጣል። በኛ እርጥብ አፈር በባዶ እግር የሚሠራ ሰው መንጠቆ ትል ደሙን እየመጠጠው ሊሆን ይችላል። በእኛ ዕድሜ ያለ ወንድ ብረት ካነሰው ግን ጨጓራው ወይም አንጀቱ በስውር እየደማ እንዳይሆን መታየት አለበት፤ አረቄና ለወገብ ሕመም የምንውጠው ዳይክሎፌናክ ጨጓራን አብረው ያደማሉ። ሳትመረመሩ ብረት ገዝታችሁ አትዋጡ፤ ሲበዛ ጉበት ይጎዳል፣ የጠጪ ጉበት ደግሞ አስቀድሞ ተጎድቷል። ኩላሊታችሁንና ስኳራችሁንም አሳዩ። የምትወስዱትን ክኒን ሁሉ በፌስታል ይዛችሁ ሂዱ፦ ማስታወክን ለማስቆም የሚሰጠው ፕላሲል፣ አሚትሪፕትሊን፣ ለማሳከክና ለጉንፋን የሚሰጡት የሚያስተኙ ክኒኖች እግሩን ሊያባብሱት ይችላሉና ሐኪሙ ይያቸው።

ስለ ቡና ለከፋ ሰው መናገር ከብዶኛል፤ ከጫካችን ወጥቶ ዓለምን ያዳረሰ ነው። ተው አልልም። ምግብ ወይም የብረት ክኒን እንደወሰዳችሁ የሚከተል ቡና ግን ብረቱ ወደ ደም እንዳይሰርግ ይይዘዋል፤ ሁለት ሰዓት ያህል ይራቅ። የማታው ቡና እንቅልፍ ይነሳል፣ በአንዳንዱም ሰው እግሩን ይቀሰቅሳል፤ ወደ ቀን ይምጣ። እኔ የማታውን ከተውኩ ዓመት ሊሞላኝ ነው፤ ምሽት ላይ የጎረቤት ቡና ሲወቀጥ ስሰማ አሁንም ያምረኛል።

በመጪው መስከረም ቤቴ እንደ ድሮው ክፍት ነው። ማር አለኝ፤ ግማሹን ጠጅ አስጥላለሁ፣ ግማሹን ጌሾ ሳይገባበት ብርዝ አደርገዋለሁ። መለኪያውን በእጁ የሚከድን ሰው እጁ አይነሳም። የሟቹ ወዳጃችን ብርጭቆ እኔ ጋ ቀርታለች፤ በዚያች ብርዝ የምጠጣው እኔ ነኝ።