ሳይሞከር ስለሚፈረምለት ሽቦ፦ ለኤሌክትሮ ቴክኒካል መኮንኖች ግልጽ ደብዳቤ

ይድረስ በባዕድ ባንዲራ ሥር በየባሕሩ ለምታገለግሉ ኢትዮጵያውያን ኤሌክትሮ ቴክኒካል መኮንኖች፤

ባሕር ዳር ከተማ ሠልጥነን የተበተንን ሰዎች ስንገናኝ የምናወራው ስለ ደመወዝ፣ ስለ ኮንትራትና ስለ ቪዛ ነው። እኔ ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለ ኤአይኤስ፣ ይልቁንም ከጀርባው ስለሚገቡት ሽቦዎች ነው።

መሣሪያው ምን እንደሚሠራ ለእናንተ ማስረዳት ለቀባሪው ማርዳት ነው። ደብዳቤው ግልጽ ስለሆነ ግን ለሌላው አንባቢ ያህል ልበል፦ የመርከቧን ማንነት፣ ያለችበትን ቦታ፣ ፍጥነትና አቅጣጫ በቪኤችኤፍ ሬዲዮ በዙሪያዋ ላሉት ሁሉ ያሰራጫል። ጠቅላላ ቶኗ 300ና ከዚያ በላይ ሆኖ ዓለም አቀፍ ጉዞ የምታደርግ መርከብ ያለ እሱ እንዳትሄድ የሶላስ ስምምነት ያስገድዳል፤ በየዓመቱም ይፈተሻል። ሣጥኑ የራሱ ጂፒኤስ ቢኖረውም፣ ስለ መርከቧ የሚናገረው አብዛኛው ነገር እኛ በሽቦ ያቀበልነው ወይም በእጃችን የሞላነው ነው።

ቅሬታዬ በዓመታዊው ፍተሻ ላይ ነው። ባለሙያው ወደብ ላይ ይመጣል፤ ሬዲዮው ማሰራጨቱን ይለካል፣ ቅጹን ይሞላል፣ ይፈርማል። እኛም ቡና እናቀርብለታለን።

አንድ መርከብ ላይ ስመደብ የኤአይኤሱ ማሳያ ሄዲንግ፣ ማለትም መርከቧ ፊቷን ያዞረችበት አቅጣጫ፣ በሚለው ቦታ ሰረዝ ብቻ ያሳይ ነበር። ከጥቂት ሳምንታት በፊት የተፈረመው ወረቀት ግን በዚያው ረድፍ ላይ «ደህና» ይላል። ከጃይሮ ኮምፓሱ መረጃ የሚያከፋፍለው ሣጥን ተቀይሮ ኖሮ አዲሱ በሰከንድ በ38400 ቢት ፍጥነት ይልካል፤ የኤአይኤሱ ፖርት ደግሞ አሁንም 4800 ላይ ተቀምጧል። ሽቦ እንኳን መንካት አላስፈለገኝም፤ ከሜኑው ቁጥሩን መቀየር በቃ።

ምን ይጎዳል የሚል አይጠፋም፤ የጉዞ አቅጣጫዋ ከጂፒኤስ ይመጣ የለም? ይመጣል። ግን ነፋስና ማዕበል ወደ ጎን ሲገፏት መርከብ የምትሄድበትና ፊቷን ያዞረችበት አንድ አይደሉም። ከዚህ የባሰም አለ። ከ14 ኖት በታች የምትጓዝ መርከብ በየ10 ሰከንዱ ትናገራለች፤ ስትዞር ግን በየ3 ሰከንድ ገደማ መናገር አለባት። መዞሯን ሣጥኑ የሚያውቀው ከሄዲንጉ ነው። ሄዲንግ ከሌለ፣ ሌሎች መርከቦች አብዝተው ሊሰሟት በሚገባበት ሰዓት በዚያው በ10 ሰከንዷ ትቀጥላለች። ሣጥኑም በትክክል እየሠራ ነው!

ሁለተኛው ችግር የአንቴናው ልኬት ነው። ከጂፒኤስ አንቴናው እስከ ፊት ጫፍ፣ እስከ ኋላ ጫፍ፣ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ያለው ርቀት በእጅ ይሞላል። 200 ሜትር የምትረዝም፣ ብሪጇ ከኋላ የሆነ መርከብ አስቡ፦ ወደ ፊት 170፣ ወደ ኋላ 30። ሁለቱ ቢገለባበጡ ድምሩ ያው 200 ነውና ማንም አይጠረጥርም። በሌላው መርከብ ኢክዲስ (የኤሌክትሮኒክ ካርታ ማሳያ) ላይ ስትሳል ግን 140 ሜትር የሚያህል አካሏ ባዶ ውኃ ሆኖ ይታያል፤ ከኋላዋ ደግሞ የሌለ ብረት ይቀጠልላታል። ለውስጡና ለውጭው ጂፒኤስ ልኬቱ ለየብቻ ስለሚሞላ፣ አንዱን አርሞ ሌላውን መተውም ቀላል ነው።

ስለ ኤአይኤሱ ፓይለት ፕለግ አላስረዝምም። ፓናማ ቦይ የሚገባ ፓይለት ኮምፒውተሩን የሚሰካው እዚያ ላይ ነው። ፒን 1ና 4 ላኪዎች፣ 5ና 6 ተቀባዮች ናቸው፤ የየጥንዱ ኤና ቢ ሽቦዎች ከተገለባበጡ የሚያነበው ዝባዝንኬ ነው። ከመድረሳችሁ በፊት ላፕቶፕ ሰክታችሁ እዩት።

ዝም የምንልበት ምክንያት ይገባኛል። ኮንትራቱ አጭር ነው፤ ካፒቴኑ መርከቧ እንድትዘገይ አይፈልግም፤ ፈራሚው እኛ አይደለንም፤ ጎመን በጤና። ነገር ግን ያ ወረቀት የሚጎዳው ኩባንያውን ብቻ አይደለም። በጭጋግ ውስጥ ማሳያውን አምኖ መሪ የሚያዞረው ሰው ከእኛ ጋር ምንም ውል የለውም፤ ኮንትራታችንም አያገባውም።

ስለዚህ የምለምናችሁ ይህን ነው። የሚቀጥለው ባለሙያ ሲመጣ አብራችሁት ወደ ብሪጅ ውጡ። የጃይሮውን ሪፒተርና የኤአይኤሱን ማሳያ ጎን ለጎን አንብቡ። የአንቴናውን ልኬት ከመርከቧ ፕላን ጋር አመሳክሩ። ያልተሞከረ ነገር ካለ «አልተሞከረም» ተብሎ ይጻፍ በሉ። እምቢ ካለ ለካፒቴኑ ንገሩ፣ ለሱፐርኢንቴንደንቱም ጻፉ፤ ቅጂውን ደግሞ በርክክብ ማስታወሻችሁ ውስጥ ለሚተካችሁ ልጅ አስቀምጡለት።

ከአክብሮት ጋር፣
የሙያ ባልደረባችሁ